አእምሮ አንባቢው ጀግናና የሲያትል መናፍስት

የአንባቢ ደብዳቤ

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ አምስት ሆነን የሚና ጨዋታ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ታሪኩን አብረን እንፈጥራለን። ታሪኩን የማቀርበው ጨዋታ መሪዋ እኔ ነኝ። የምንጫወተው የልዕለ ጀግኖቹን ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ በሦስተኛ እትሙ ነው። አራቱም ገጸ ባሕርያት በ10ኛ የኃይል ደረጃ፣ በ150 ነጥብ የተሠሩ ናቸው። ብረቱ ይበርራል፣ የጭነት መኪና ያነሳል። አድማጭ የሰው ሐሳብ ያነባል። ብልጭታ ከአንዱ ቦታ ተሰውሮ ሌላው ቦታ ብቅ ይላል። ጠጋኙ መሣሪያ ይሠራል።

ስምንት ወር ሙሉ ባንክ ዘራፊና ያበደ ሳይንቲስት ስናሳድድ ቆይተን ሰለቸን። ስለዚህ በዚያው ከተማ፣ በእነዚያው ጀግኖች ታሪኩን ወደ አርባን ፋንታሲ፣ አስማትና መናፍስት በዛሬ ከተማ ውስጥ ወደሚኖሩበት የታሪክ ዓይነት፣ አዞርኩት። ከሲያትል ፓዮኒር አደባባይ ሥር የመናፍስት ገበያ አለ፤ በገበያው ሰው ተገድሏል፤ ገዳዩ አይታወቅም። ሁሉም ወደዱት። ነገር ግን ምስጢሬ አንድ ምሽት እንኳን አይቆይልኝም። አድማጭ የተጠርጣሪውን ሐሳብ አንብቦ በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ የቀረውን ደግሞ ብረቱ በር ሰብሮ ይጨርሰዋል። ባለፈው ትዕግሥቴ አለቀና በጨዋታው መሐል «መናፍስት አእምሮ የላቸውም፤ ማንበብ አትችልም» አልኩ። አድማጭን የሚጫወተው የአጎቴ ልጅ ነው። ዳይሱን ሰብስቦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ሁሉንም ወደ 8ኛ ደረጃ ላውርዳቸው? ወይስ እነዚህን ትተው አዲስ ገጸ ባሕርይ ይሥሩ?

ጨዋታ መሪዋ፣ ከሲያትል

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የደንብ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ግን «ስልኬን አያነሳም» የሚለው ላይ ቆምኩ። ወደ እርሱ እመለሳለሁ፤ አስቀድመን ቁጥሩን እንገላገለው፤ ከጉዳዩ ሁሉ ቀላሉ እርሱ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ልናገር። ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ የስቲቭ ኬንሰን ሥራ ሲሆን መጀመሪያ የታተመው በ2002 ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ተጫዋቹ የገጸ ባሕርዩን ኃይል በነጥብ ይገዛል፤ ለእያንዳንዱ የኃይል ደረጃ 15 ነጥብ አለው። ውጤቱ የማይታወቅ ነገር ሲገጥመው ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ይጥላል። የኃይል ደረጃው ጣሪያ ነው፤ በ10ኛ ደረጃ የማጥቃት ብቃትና የጉዳት መጠን ተደምረው ከ20 ማለፍ አይችሉም።

እንግዲህ ሁሉንም ወደ 8ኛ ደረጃ አወረድሻቸው እንበል። እያንዳንዱ 30 ነጥብ ያጣል። በጨዋታው ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ደረጃ ከበታቹ ያለውን እጥፍ ስለሆነ፣ በ10 ጉልበት 25 ቶን ያነሳ የነበረው ብረቱ በ8 ጉልበት 6 ቶን ያነሳል። ተራ የቤት መኪና አንድ ተኩል ቶን ቢመዝን ነው። በሩ ከመሰበር አልዳነም። አድማጭም ቢሆን በ8 ደረጃ የሚያነበው ሐሳብ በ10 ደረጃ ከሚያነበው ያው ነው፤ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ገዳዩን ማወቁ አይቀርም።

ከዚህ የባሰም አለ። ተጫዋች 30 ነጥብ ቀንስ ሲባል ከምን እንደሚቀንስ በብዙ ጠረጴዛ አይቻለሁ። ኃይሉን አይነካም። የሚቆርጠው የምርመራ ችሎታውን፣ የሚያውቃቸውን ሰዎች፣ የሚናገረውን ቋንቋ፣ የጥንት ታሪክ ዕውቀቱን ነው፤ ማለትም አንቺ ለገበያሽ ታሪክ የምትፈልጊውን ሁሉ። ከምሽቱ መጨረሻ የሚቀርሽ በር መስበርና ሐሳብ ማንበብ ብቻ የሚያውቅ ጀግና ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

አዲስ ገጸ ባሕርይ ይሥሩ የሚለውንም ተዪው። የስምንት ወር ታሪክ ያላቸውን ጀግኖች ጥሎ መጀመር የሚያስፈልገው ጀግኖቹ ሲሰለቹ ነው፤ እናንተ የሰለቻችሁ ባንክ ዘራፊው ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ነው። በልዕለ ጀግና ታሪክ ኃይሉ የባለቤቱ ነው። ከላቦራቶሪም ያግኘው፣ ከሌላ ፕላኔትም ይምጣ፣ አንዴ ካገኘው በኋላ የሚጠየቀው በጊዜ ደረሰ ወይ፣ ለበጎ ተጠቀመበት ወይ ብቻ ነው። በአርባን ፋንታሲ ግን ኃይል ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ኃይሉን የሚጠቀምበት ሰው አይደለም። ተሰጥቶታል፣ ተበድሮታል፣ ወርሶታል፣ ሰርቆታል። ስለዚህ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ማን ሰጠህ? ምን ቃል ገባህለት? በማን ቤት፣ በማን ፈቃድ ቆመሃል? አንቺ ከተማውን ከልዕለ ጀግና ወደ መናፍስት አሻግረሽ አራቱን ጀግኖች ከወንዙ ማዶ ትተሻቸዋል። ዕዳ በሞላበት ገበያ ውስጥ ማንም የማያስከፍላቸው አራት ሰዎች ቢገቡ ገበያውን በአሥር ደቂቃ ባይጨርሱት ነበር የሚገርመው።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ ፈረስ ነው ይባላል፤ ዛሩ ይጋልበዋል። ፈረሱ የማያውቀውን ቢናገር፣ ከአቅሙ በላይ ቢጨፍር፣ ንግግሩም ጭፈራውም የጋላቢው ነው። ዛሩ ደግሞ በነጻ አይጋልብም፤ ሽቶ ይላል፣ ቡና ይላል፣ ልብስ ይላል፣ ዶሮውን በላባው ቀለም መርጦ ያዝዛል። በዛር ቤት ትልቁ ሥራ ማንነቱን አስነግሮ፣ ፍላጎቱን ሰምቶ፣ ከእርሱ ጋር መስማማት ነው። በ1932 ጎንደር የሰነበተው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1958 ባሳተመው ጥናት ይህን ሥርዓት ከቴያትር ጋር አያይዞ ተመልክቶታል። እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ ጠረጴዛ ከብበን ዳይስ የምንጥለው እኛ ትዝ ብለንኝ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ዛርን ወደ ጨዋታሽ አስገቢ ማለቴ አይደለም፤ ከፈለግሽ ታስገቢያለሽ። ከቤት የሚመጣ ነገር ስትመርጪ ግን አንድ አደራ አለኝ፤ ቡዳን ተዪው። ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው ለአርባን ፋንታሲ የተሠራ ይመስላል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ቃል ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤላዊውን ከጎረቤቱ ሲያስገልል የኖረ ቃል ነው። ከተጫዋቾችሽ የአንዱ አያት በዚያ ስም ተጠርተው ይሆናል፤ እርሱም አይነግርሽ ይሆናል።

ወደ አድማጭ እንምጣ፤ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ስለ እርሱ ነው።

«መናፍስት አእምሮ የላቸውም» ማለትሽ በሦስት ነገር ስህተት ነው። በጨዋታ መሐል ነው ያልሽው። ነጥቡን ከፍሎ የገዛውን ነው የነጠቅሽው፤ ሐሳብ ማንበብ በሦስተኛው እትም ለአንድ ደረጃ 2 ነጥብ ያስከፍላል፤ የእርሱ 10 ደረጃ ከሆነ 20 ነጥብ ከፍሏል ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለታሪክሽ ራሱ የሚከፋው ነው፦ በር ዘጋሽ፣ ሌላ በር ግን አልከፈትሽም። አእምሮ የሌለው መንፈስ ምን ያስደስታል? አእምሮ ኖሮት ሲነበብ የሚያስደነግጥ መንፈስ አይሻልም?

ቆመሽበት ያለው ከተማ ራሱ መልሱን ይዟል። በጁን 6 ቀን 1889 በአንድ አናጢ ሱቅ ውስጥ እሳት ላይ የተጣደ ሙጫ ገንፍሎ የሲያትልን መሐል ከተማ አቃጠለ። ከተማው ሲታደስ መንገዶቹ ከፍ ተደርገው ተሠሩ፤ የሱቆቹ ምድር ቤት ከመንገድ በታች ቀረ። በ1907 የወረርሽኝ ሥጋት መጣና የታችኛው ክፍል ለሰው ተከለከለ። ዛሬም በፓዮኒር አደባባይ ስትሄጂ በእግረኛ መንገዱ ላይ የተተከሉትን ትንንሽ ካሬ መስታወቶች ታያለሽ፤ ለታችኛው መተላለፊያ ብርሃን ለማስገባት የተሠሩ ናቸው፤ በፀሐይ ብዛት ወይን ጠጅ ቀለም ይዘዋል። የእኛ ሰዎች በየቀኑ በላያቸው እየተራመዱ ሥራ ይሄዳሉ።

አሁን አድማጭ ከዚያ መስታወት በታች ቆሞ የአንድ መንፈስ ሐሳብ ያንብብ። ይፈቀድለት። የሚያገኘው ግን የሙጫ ሽታ ይሁን። መንፈሱ በ1889 ውስጥ ነው ያለው፤ ትናንትና ዛሬ አይለይም፤ ስለ ትናንቱ ግድያ ሲጠየቅ የሚታየው የሚገነፍለው ድስት ነው። አድማጭ እውነት አነበበ፤ ደንቡም አልተነካም፤ ምስጢሩ ግን ጠለቀ። አሁን ማወቅ ያለበት ይህ መንፈስ ግድያውን ከእሳቱ ጋር ለምን አምታታ የሚለውን ነው። ምናልባት የተገደለው ሰው ያንን ሱቅ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሰው ተጠርጣሪ ሲሆን ደግሞ ከራስሽ ስህተት ጀምሪ። ሐሳብ ማንበብ በዚህ ጨዋታ ከተነባቢው የፈቃድ ጥንካሬ ጋር የሚደረግ ግብግብ ነው፤ ለጥቂት ያሸነፈ አንባቢ የሚያገኘው በዚያች ቅጽበት በሰውየው አእምሮ ላይ የሚንሳፈፈውን ብቻ ነው። ወደ ትዝታ ለመውረድ አብልጦ ማሸነፍ አለበት። እኔ እንደምጠረጥረው አንቺ ዳይሱ ባሸነፈ ቁጥር ሙሉ ኑዛዜ ትሰጪዋለሽ። ገዳይ ቀኑን ሙሉ «እኔ ገዳይ ነኝ» እያለ አይውልም። የመኪና ማቆሚያው ሰዓት ሊያልፍበት ነው፤ ጫማው ጠብቦታል፤ ይህ ልጅ ለምን አፍጥጦ ያየኛል ይላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ስጪው፤ አድማጭ ቃለ መጠይቅ ማድረግ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ሐሳቡ እንዲንሳፈፍ መጀመሪያ ጥያቄው መጠየቅ አለበት። ይኸው መርማሪ ሆነልሽ።

ከሁሉ የምወደውን ደግሞ ልስጥሽ። ገዳዩ ፈረስ ቢሆንስ? የተጋለበ ሰው ጋላቢው ያደረገውን አያስታውስም። አድማጭ የሰውየውን አእምሮ እስከ ሥሩ ያነባል፤ ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል፤ ለጓደኞቹ «እርሱ አይደለም፤ በአእምሮዬ እምላለሁ» ይላቸዋል። የገደለው እጅ ግን የእርሱ ነው። ይህን ታሪክ ያለ አድማጭ ልትነግሪው አትችዪም፤ በምስክርነቱ የታመነ አእምሮ አንባቢ ያስፈልገዋል። ሊያጠፋብሽ ነው ያልሽው ኃይል ለታሪኩ ምሰሶ ሆነ።

ቁጥር መንካት የግድ ከሆነ ጨዋታው ሁለት ቀና መንገድ አለው። አንደኛው ገደብ ነው። «የሚያነበው ሙሉ ስሙን የሚያውቀውን ሰው ብቻ ነው» የሚል ገደብ በኃይሉ ላይ ብትጨምሩ ዋጋው በየደረጃው አንድ ነጥብ ይቀንሳል፤ 20 ነጥብ የነበረው 10 ይሆናል። የተረፈው 10 ነጥብ ግን የአንቺ አይደለም፤ የእርሱ ነው። ከፈለገ አስማት የሚሸት የስሜት ሕዋስ ይግዛ፤ ከፈለገ በአንድ ነጥብ ሥርዓተ አስማት የማዘጋጀት ብልጫ ይግዛበት፤ ከፈለገ የገበያውን ሰዎች የሚያውቅበት ችሎታ ይጨምር። በዚህ ላይ ከ1981 ጀምሮ በነጥብ የሚሠራ ጀግና ካስለመደን ከቻምፒየንስ ጨዋታ የወረስነው አባባል አለ፤ የማይገድብ ገደብ ነጥብ አያስገኝም። ስለዚህ ገደቡን ከጻፋችሁ በኋላ ስምን የሚደብቁ ሰዎች ወደ ታሪኩ ማስገባት የአንቺ ግዴታ ነው። በገበያው ሁሉም በቅጽል ስም ቢጠራራ ይበቃል፤ እኛም ሰፈር ውስጥ ስንቱን ሰው በመዝገብ ስሙ እናውቀዋለን?

ሁለተኛው የጀግና ነጥብ ነው። በገጸ ባሕርዩ ላይ ጣጣ በመጣ ጊዜ ጨዋታ መሪው አንዲት የጀግና ነጥብ ይከፍለዋል፤ ኃይልን ማጣትም በደንቡ ከጣጣዎቹ አንዱ ነው። በዚያች ነጥብ ተጫዋቹ በኋላ ዳይሱን ደግሞ መጣል ይችላል፤ በሁለተኛው ጊዜ 10 ወይም ከዚያ በታች ቢወጣለት 10 ይጨመርለታል። ስለዚህ ያን ቅዳሜ «እዚህ ቦታ አይሠራልህም» ስትዪ እጅሽን ዘርግተሽ ነጥቡን ብትሰጪው ኖሮ ነገሩ ንጥቂያ መሆኑ ቀርቶ ግብይት ይሆን ነበር። (በእኔ ጠረጴዛ ለምልክት የምንጠቀመው ቆሎ ነበር። እየተበላ ስላስቸገረ ወደ አዝራር ቀየርነው።)

ብረቱን በተመለከተ ይስበር። በሩን ይስበር። ይህ ሰው በር ሊሰብር ነው ጠረጴዛ ላይ የመጣው። ከደፉ ማዶ ግን ሌላ ሕግ ይኑር፤ ሳይጋበዝ የገባ ሰው የቤቱ ባለቤት እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ ያልሆነ ደግሞ በዚያ ቤት ጥበቃ የለውም። የድሬስደን ፋይልስ ጨዋታም በ2010 ሲወጣ ደፍን እንዲህ ዓይነት ኃይል ሰጥቶታል። ብረቱ ሁለት በር ሰብሮ ከገባ በኋላ ሦስተኛው ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ ታዪዋለሽ።

ከዚያ በተረፈ ቦታው ይሥራልሽ። ከመሬት በታች ያለው መተላለፊያ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ መብረር ቢችልም የሚበርርበት የለውም። ግንቡ የመቶ ዓመት ጡብ ነው፤ ጡቡ የተሸከመው የእግረኛ መንገድ ነው፤ በመንገዱ ላይ ሰው ይሄዳል። 25 ቶን የሚያነሳ ክንድ እዚያ ውስጥ ሲወዛወዝ ከላይ ያለችው እናት ከነሕፃን ጋሪዋ ነው የምትወርደው። ይህን ለብረቱ መንገር አያስፈልግሽም። ከሐምራዊው መስታወት በላይ የሚያልፍ የሕፃን ጫማ ጥላ አሳዪው፤ እጁን ራሱ ይሰበስባል። ሁልጊዜ ከመሬት በታች ብቻ ካጫወትሽው ግን ያው ንጥቂያ ነው፤ በየምሽቱ አንድ ጊዜ ከኤሊየት ባሕረ ሰላጤ በላይ ይብረር። በኦሮራ ድልድይ ሥር ቮልስዋገን ጨብጦ የተቀመጠው የፍሪሞንት ትሮል በ1990 በኮንክሪት የተሠራ ሐውልት ነው፤ ብረቱ ሊያነሳው ሞክሮ ባያነሳው፣ ምክንያቱም ክብደቱ ሳይሆን ቃል ኪዳኑ ቢሆን፣ የአንድ ሙሉ ምሽት ጨዋታ ወጣልሽ።

ብልጭታ አያሳስብሽ። ገበያው በየወሩ ጨረቃ ስትወጣ ቦታ ይቀያየር፤ የሚያውቀው ቦታ ሁሉ ቦታው ላይ አይገኝም። በቃ።

የዕዳውን ነገር ለመያዝ ከኧርባን ሻዶውስ አንድ ነገር ተበደሪ። በ2015 የወጣው ያ ጨዋታ በገጸ ባሕርያቱ መካከል ያለውን ውለታ በጽሑፍ ይመዘግባል፤ ባለ ዕዳውን ጠርቶ አስከፍሎ መጠየቅ ይቻላል። አንቺም በጠረጴዛው መሐል አንድ ካርቶን አስቀምጪ፤ ማን ለማን ምን እንዳለበት በእርሳስ ጻፊበት። ሁሉም እያየው ይጻፍ። ካርቶኑ ከሞላ በኋላ ምስጢርሽ በአንድ ምሽት አያልቅም፤ ምክንያቱም ገዳዩን ማወቅና ገዳዩን መያዝ የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ። አድማጭ ገዳዩን አወቀ፤ ገዳዩ ግን የብልጭታን ነፍስ ያተረፈ ባለውለታው ነው። እሺ፣ አሁን ምን ይደረግ?

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት አንድ ምሽት ዳይስ የማይጣልበት ስብሰባ አድርጉ። ሁሉም የገጸ ባሕርዩን ወረቀት ይዞ ይምጣ። ሁለት ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ ኃይልህ ከማን የመጣ ቢሆን ደስ ይልሃል? ከወረቀትህ ላይ ምን ቢነካ ተነሥተህ ትሄዳለህ? ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ጨዋታ መሪ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው መልስ ደግሞ በነጥብ አንድም አያስከፍልም፤ በደንቡ የኃይል መግለጫ ይባላል፤ ያው በረራ ነው፣ ከጨረር የመጣ ሳይሆን ከነፋስ መንፈስ የተበደረው ነው ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ቁጥሩ ሳይነካ ሰውየው ባለ ዕዳ ሆነ።

ሁሉንም ግን በአስማት አትጠቅልይው። አንዱ «የእኔ ከላቦራቶሪ ነው፤ ከላቦራቶሪም ይቀራል» ካለሽ ይቅርለት። መናፍስትን የማያምን አንድ ሰው በገበያው ውስጥ ሲዞር ማየት ራሱ ጨዋታ ነው።

አሁን ወደ አጎትሽ ልጅ።

እኔም አድርጌዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ወዳጄ የሚጫወተው በእሳት የሚዋጋ ጀግና ነበር፤ ታሪኬን ሊያቃጥልብኝ ሲል በመሐል «እሳትህ ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም» አልኩት። ምንም አልመለሰም። ላጲስ አውጥቶ ከወረቀቱ ላይ ኃይሉን ማጥፋት ጀመረ፤ በእርጋታ፣ ፊደል በፊደል፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ፋቀው። ከዚያ ቀዳዳውን ወደ መብራቱ ዘርግቶ በቀዳዳው አየኝና «ጨረስኩ» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ምሽት በኋላ አብረን አልተጫወትንም፤ እኔም ቀዳዳውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ በስልክ አትሞክሪው፤ ቤቱ ሂጂ። የምትነግሪው ነገር አጭር ይሁን፦ «ደንቡን በመሐል መለወጤ ስህተት ነበር»። «ግን አንተም ታሪኬን ታበላሽብኝ ነበር» የሚለውን ምላስሽ ላይ ቢመጣም ዋጪው፤ እርሱ ያደረገው የሰጠሽውን ኃይል መጠቀም ነው። ከዚያ ሥራ ስጪው። በገበያው ውስጥ መናፍስት ምን ያስባሉ፣ ሲነበቡ ምን ይሰማቸዋል፣ ሳይፈቀድለት ያነበበ ሰው ምን ዕዳ ይገባል የሚለውን ሕግ እርሱ ይጻፈው፤ አንቺ ተቀበዪው። እርሱ የሚጽፈው ሕግ አንቺ ከምትጽፊው የጠነከረ ይሆናል፤ የሚያነብበትን አእምሮ የሚያስከብር ሰው ስለሆነ። እኔ ይህን ያደረግሁለት አንድ ተጫዋች በራሱ ገጸ ባሕርይ ላይ ልፈርድበት የማልደፍረውን ፍርድ ፈረደበት።

ባይመጣስ? ወንበሩን ክፍት አድርጊ፤ አድማጭን ሌላ ሰው እንዳይጫወተው፤ አትግደዪውም። በገበያው ውስጥ የሆነ ቦታ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ይቆየው።

ሳልዘጋ አንድ ነገር። ስለ ጠጋኙ የጻፍሽው ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ «ጠጋኙ መሣሪያ ይሠራል»። በደብዳቤው ውስጥ ምንም አላበላሸም፣ ምንም አላዳነም፣ አልተቆጣም፣ አልወጣም። እንዲህ ያለ ተጫዋች በየጠረጴዛው አለ፤ በጸጥታ ይመጣል፣ በጸጥታ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሳይናገር ይቀራል። በአዲሱ ገበያሽ ግን ማንም ያላስተዋለው ነገር አለው። ብረቱ ለነፋሱ ዕዳ አለበት፤ አድማጭ ላነበባቸው ሁሉ፤ ብልጭታም ለገዳዩ። ጠጋኙ ኃይሉን በገዛ እጁ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ነው የሠራው፤ ለማንም ምንም የለበትም። ገበያ ደግሞ፣ የሰውም ይሁን የመናፍስት፣ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ ዋስ ይጠራል፤ ባለ ዕዳ ዋስ አይሆንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያው ዋስ ይጥራ፤ የሚጠራውም ስም የጠጋኙ ይሁን።